የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች አዲስ ሥራ ሳይዙ ነባሩን መልቀቅ ይኖርባቸዋልን?

ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያ ጭኖ በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚደርስ ባለተሳቢ መኪና እስከ 400 ኩንታል ይጭናል። ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ እና አንድ ኩንታል ዩሪያ በሚለው ነባር ስሌት ቢታሰብ፣ ይህ ጭነት ለ200 ሄክታር ማሳ የሚበቃ ነው። በቆሎውን በግንቦትና በሰኔ፣ ጤፉን በሐምሌ የሚዘራው አርሶ አደር ግብዓቱን በወቅቱ ማግኘቱ መሪውን በጨበጠው አሽከርካሪ ላይም የተመሠረተ ነው። በመሆኑም አሽከርካሪው ሥራውን ለመልቀቅ ማሰቡ ከእርሱና ከባለንብረቱ አልፎ የሌሎችም ጉዳይ ይሆናል።

ለመልቀቅ የሚያስገድዱ ምክንያቶች ጥቂት አይደሉም። ባለፉት ዓመታት በተለያዩ የሀገሪቱ መንገዶች በአሽከርካሪዎችና በረዳቶች ላይ ግድያ፣ እገታና ዝርፊያ ተፈጽሟል። ወደብና ጉምሩክ ላይ ወረፋ መጠበቅ፣ ከቤተሰብ ርቆ መክረም፣ የመለዋወጫና የጎማ ዋጋ በመናሩ ጥገናው የዘገየ መኪና ማሽከርከር፣ አነስተኛ ደመወዝ፤ እነዚህ ሁሉ ተደማምረው ትዕግሥትን ያስጨርሳሉ። ጥያቄው እንግዲህ መልቀቅ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሳይሆን መቼና እንዴት የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ ሥራ አጥ ለሆነ ሰው የሚከፈል የመደጎሚያ ገንዘብ የለም። ሥራውን ዛሬ የለቀቀ ሰው ነገ የሚኖረው በቁጠባው ወይም በዘመድ ትከሻ ነው። በአሽከርካሪው ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የአብዛኛው አሽከርካሪ ገቢ ከመደበኛ ደመወዙ ይልቅ በጉዞ አበል ላይ የቆመ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 የውሎ አበልን እንደ ደመወዝ አይቆጥርም። መኪናው ሲቆም አበሉም ይቆማል፤ በስንብት ክፍያም ሆነ በጡረታ ስሌት ውስጥ አይገባም።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይቻላል። መደበኛ ደመወዙ 6 ሺህ ብር የሆነና አበሉ ሲደመር በወር እስከ 20 ሺህ ብር የሚያገኝ አሽከርካሪ ለ6 ዓመታት አገልግሎ በራሱ ፈቃድ ቢለቅ፣ የሥልጠና ውል ግዴታ እስከሌለበት ድረስ የስንብት ክፍያ ይገባዋል። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ዓመታት ለእያንዳንዳቸው የዚያን ሲሶ ስለሚያሰላ የሚያገኘው 16 ሺህ ብር ነው። የስድስት ዓመታት ልፋት የአንድ ወር ወጪ እንኳን አይሸፍንም ማለት ነው። ከ5 ዓመት በታች ያገለገለና ያለ ሕጋዊ ምክንያት የለቀቀ ደግሞ ይህንንም አያገኝም።

ሕጉ ግን መሸጋገሪያ ድልድይ አስቀምጧል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በማንኛውም ጊዜ የ30 ቀናት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። እነዚህ 30 ቀናት ደመወዝ እየተከፈለ፣ አበል እየታሰበ አዲስ ሥራ የሚፈለግባቸው ናቸው። ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሎ የሄደ በአንጻሩ እስከ 30 ቀናት ደመወዙ የሚደርስ ካሣ ለአሠሪው እንዲከፍል ሊገደድ ይችላል። አሠሪው ቀሪ ክፍያዎችን ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ የመክፈል ግዴታ ያለበት ቢሆንም፣ ሠራተኛው በእጁ ያለውን ንብረት ወይም ገንዘብ በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ከዘገየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። መኪናውን፣ መፍቻውን፣ ትርፍ ጎማውንና የጉዞ ሒሳቡን በጽሑፍ ማስረከብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የማግኘት መብትም አለው፤ ቀጣዩ ቀጣሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

አዲስ ሥራ ተገኘ የሚባለውስ መቼ ነው? «ና፣ መኪና አለልህ» የሚል የስልክ ቃል ሥራ አይደለም። በጽሑፍ ያልተደረገ ውል ቢኖር እንኳ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ እንዲሰጥ ሕጉ ያዝዛል። የሙከራ ጊዜ ከተያዘ ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ስለሚችል፣ በዚህ መሐል አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብት ይችላል። የተሻለ አበል ሰምቶ ነባሩን የሚጥል ሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ይደርስበታል።

ወቅትም የራሱ ሚና አለው። ማዳበሪያ በሚጓጓዝባቸው የበጋና የበልግ ወራት፣ እንዲሁም ከመስከረም በኋላ የመተማ ሰሊጥና የደጋው እህል ወደ ገበያ ሲወጣ ጭነት ይበዛል፤ አሽከርካሪም ይፈለጋል። በክረምቱ ግን የግንባታ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ የገጠር መንገዱም ይጨቀያል። በሰኔ መጨረሻ ሥራ የሚለቅ አሽከርካሪ ጎተራው ባዶ ሆኖ ክረምት እንደሚገባ ገበሬ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣ አንድ ሁኔታ አለ፤ እርሱም የሕይወት አደጋ ነው። ፍሬኑ የማይይዝ መኪና እንዲነዳ የሚገደድ አሽከርካሪ አዲስ ሥራ እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም። አዋጁ አሠሪው ደኅንነትን የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን እያወቀ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶትም እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል፤ በዚህ ምክንያት ለለቀቀም የስንብት ክፍያ ይገባዋል። ሆኖም ብልሽቱን አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅና ቅጂውን መያዝ፣ ሲለቅም ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ ያስፈልጋል። በዚህ መብት ለመጠቀም ያለው ጊዜ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካበቃበት ቀን ጀምሮ 15 የሥራ ቀናት ብቻ ነው። ስጋቱ ከመኪናው ሳይሆን ከመንገዱ ከሆነ ደግሞ መስመር እንዲቀየርለት ወይም ጉዞው እንዲዘገይ መጠየቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ባለንብረቱ እምቢ ካለ ግን ከደመወዝ ነፍስ ይቀድማል።

ከዚህ ውጭ ባሉት ምክንያቶች ሁሉ መጀመሪያ ሥራ መያዝ፣ ቀጥሎ 30 ቀናቱን መስጠት፣ ከዚያም ርክክብ ፈጽሞ መውጣት ለአሽከርካሪው ያዋጣል። ለአርሶ አደሩም የሚበጀው ይኸው ነው፤ ጭነት በመንገድ ላይ ከቆመ ዘር ያለ ማዳበሪያ ይቀራል፣ ዝናቡም አይጠብቅም። ባለንብረቶች በበኩላቸው የአሽከርካሪው ገቢ በአበል ብቻ እንዲንጠለጠል ማድረጋቸውን ሊያጤኑት ይገባል። ዋስትና ያለው ደመወዝና ደኅንነቱ የተጠበቀ መኪና ያለው አሽከርካሪ በየወሩ ሌላ በር ለማንኳኳት ምክንያት አይኖረውም።