ብሎኑ ቢቀል ዕዳው ለማን ነው?

በዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ክርክር የሚነሣባቸው ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ ትልልቆች ናቸው። ስለ አስተዳደር፥ ስለ መሬት፥ ስለ ትምህርት ሥርዐት እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ነገር ግን ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ የሞተር ክዳን የሚታሰርበት ብሎን ነው። አንባቢው «ደግሞ ስለ ብሎን ምን ይጻፋል?» ብሎ ገጹን ከመግለጡ በፊት ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። ትልቁን ነገር እንዴት እንደምንመዝን የሚታወቀው ትንሹን በምንይዝበት አኳኋን ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ብስክሌት ካላቸው ጓደኞቻችን አንዳንዶቹ፥ የፍሪሲዮኑንና የጄኔሬተሩን ክዳን የያዘውን የብረት ብሎን እየፈቱ በአሉሚኒየም ብሎን መተካት ጀምረዋል። አዲሱ ብሎን ቀይ፥ ሰማያዊ ወይም ወርቃማ ቀለም የተነከረ ስለ ሆነ ለዐይን ያምራል። ምክንያቱን ሲጠየቁ ሦስት መልስ ይሰጣሉ። አንደኛ፥ ይቀላል፤ ሁለተኛ፥ አይዝግም፤ ሦስተኛ፥ ስመ ጥር የሆኑ የአውሮፓ ፋብሪካዎችም በሞተሮቻቸው ላይ የአሉሚኒየም ብሎን ይጠቀማሉ ይላሉ። ሦስቱም መልሶች እውነትነት አላቸው። እኛ የምንቃወመው እውነቱ በግማሽ መንገድ ላይ እንዲቆም መደረጉን ነው።

አስቀድመን ቅለቱን እንመዝን። ብረት በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር 7.85 ግራም ሲመዝን አሉሚኒየም 2.7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሲሶው ነው ማለት ይቻላል። ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር፥ ርዝመቱ 30 ሚሊሜትር የሆነ የተለመደ የክዳን ብሎን ከብረት ሲሠራ ወደ 8 ግራም፥ ከአሉሚኒየም ሲሠራ ወደ 3 ግራም ይሆናል። እንግዲህ በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ብሎኖች 30 ቢሆኑና ሁሉም ቢለወጡ የምናተርፈው 150 ግራም ያህል ነው፤ ይኸውም ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ያነሰ። በሰከንድ ክፍልፋይ ለሚሽቀዳደም ሰው ይህም ዋጋ ይኖረው ይሆናል። ከመኝታ ቤት እስከ ትምህርት ክፍል ለሚመላለስ ተማሪ ግን ከቁርሱ አንድ ዳቦ ቢቀንስ ያንኑ ያህል ቅለት በነጻ ያገኛል።

ቀጥሎ ጥንካሬውን እንይ። ብዙዎቻችን ብሎንን ጥርስ እንዳለው ምስማር አድርገን እናስበዋለን። ብሎን ግን በእውነቱ ሞላ ነው። ስናጠብቀው በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ተመልሶ ለመሰብሰብ ሲታገል ክዳኑን ከሞተሩ ጋር አጣብቆ ይይዛል፤ ጓርኒሲዮኑም በመካከል ተጨምቆ ዘይቱ እንዳይወጣ ያግዳል። ስለዚህ ጥያቄው ብሎኑ ቀዳዳውን ይሞላል ወይስ አይሞላም የሚል ሳይሆን፥ የሚፈለግበትን ያህል ተለጥጦ ሳይበጠስ ይቆያል ወይስ አይቆይም የሚል ነው።

ይህን በክፍል በተማርነው ሒሳብ መፈተን ይቻላል። ለእንደዚህ ያለ ብሎን በብዙ የጥገና መመሪያዎች የሚታዘዘው የማጥበቂያ ኀይል 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ደረቅ ጥርስ ላይ የተለመደውን የሰበቃ መጠን ይዘን ስናሰላ ብሎኑ በ8,300 ኒውተን ያህል ይሳባል፤ ከስምንት ኩንታል በላይ የሆነ ሸክም እንደ ተንጠለጠለበት ማለት ነው። የብሎኑ ጥርስ ያለበት ወገን ስፋቱ 20 ካሬ ሚሊሜትር ስለ ሆነ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ላይ ወደ 410 ኒውተን ይደርሳል። በራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ብሎን የሚበጠሰው በ800 ስለ ሆነ ይህን በቀላሉ ይሸከማል። 6061 በመባል የሚታወቀው የአሉሚኒየም ቅይጥ ግን በ310 አካባቢ ይበጠሳል፤ መፍቻው የታዘዘውን ልክ ሳይደርስ ብሎኑ አለቀ ማለት ነው። ከአሉሚኒየም ቅይጦች ብርቱ የሆነው 7075 እስከ 570 ያህል ይታገሣል። ይህኛው ይይዛል፤ ነገር ግን ሲጠብቅ መሳቡ ብቻ ሳይሆን መጠምዘዙም ስላለበት የሚተርፈው ዐቅም ጥቂት ነው። ዘይቱ ግሎ ከ100 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ከዚያችው ይቀነሳል።

በዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ላይ ሲሽከረከር እርስ በርሱ ስለሚነካከስ ጥርሱን ቅባት መቀባት ይገባል። ቅባቱ ግን ሰበቃውን ስለሚቀንስ ያው 10 ኒውተን ሜትር ብሎኑን ከቀድሞው ይልቅ አብዝቶ ይስበዋል፤ በካሬ ሚሊሜትር 550 ድረስ ሊያደርሰው ይችላል። ብርቱ የተባለው ቅይጥም በዚያን ጊዜ ከገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። እንግዲህ የቅይጡ ቁጥር ያልተነገረንን ብሎን ለቀለሙ ብለን ገዝተን፥ ለብረት በተጻፈ መመሪያ ማጥበቅ ምን ይባላል?

ጓደኞቻችን በዚህ ጊዜ አንድ ጥሩ ነገር ይናገራሉ። «የሞተሩ አካልም አሉሚኒየም ነው፤ የብረት ብሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅ የሞተሩን ጥርስ ይበላል፤ የእኛ ብሎን ግን ራሱ ተበጥሶ ሞተሩን ያድናል» ይላሉ። ይህ የሚናቅ ክርክር አይደለም። ነገር ግን ፊውዝ የሚያስገባ ሰው ፊውዙ በስንት እንደሚቃጠል ማወቅ አለበት፤ የማያውቅ ከሆነ ጥንቃቄ አላደረገም፥ ዕጣ ጥሏል።

አሁን ወደ ሦስተኛው መልስ እንምጣ። የጀርመኑ ቤ.ኤም.ቬ. ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2004 እስከ 2015 የሠራው ኤን 52 የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በአሉሚኒየም ብሎኖች የታሰረ መሆኑ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ሊታወቅ ይገባል። የዚህ ሞተር ብሎክ ሲሊንደሮቹን የያዘው ውስጡ አሉሚኒየም፥ ውጪው ግን ማግኔዚየም ነው። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች እርጥበት ባለበት ሲነካኩ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሆናሉ፤ ከሁለቱም ደካማው ይበላል። የብረት ብሎን በማግኔዚየም ላይ ቢታሰር የሚበላው ሞተሩ ነው። አሉሚኒየም ግን ለማግኔዚየም ይበልጥ የቀረበ ዘመድ ስለ ሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል። ሙቀትም ሌላው ምክንያት ነው። አንድ ሜትር ማግኔዚየም በአንድ ዲግሪ ሙቀት 26 ማይክሮን፥ አሉሚኒየም 23፥ ብረት ግን 12 ብቻ ይረዝማል። አብረው የማይረዝሙ ነገሮች አንድ ላይ ሲታሰሩ እንዴት እንደሚጣሉ ቮልስ የፈታ የአገራችን መካኒክ ሁሉ ያውቃል፤ የቮልስ ሞተር አካል የማግኔዚየም ቅይጥ፥ ቴስታታውን የያዙት ረጃጅም ብሎኖች ደግሞ ብረት ስለ ሆኑ ሞተሩ ሲግልና ሲበርድ ጥርሱ ተስቦ ይወጣ ነበርና።

ደግሞም የጀርመን መሐንዲሶች ብሎኑን ብቻ ለውጠው አልተዉትም። አጠባበቁንም ለወጡት። ብሎኑ መጀመሪያ በተወሰነ ኀይል፥ ከዚያም በተወሰነ ማዕዘን እየተዞረ ወደ ቀድሞው ርዝመት እስከማይመለስበት ድረስ ይለጠጣል፤ አንድ ጊዜ ከተፈታም ተጥሎ አዲስ መግባት አለበት። ስለዚህ በዚህ ሞተር ላይ የአሉሚኒየሙ ብሎን ጠፋ ብሎ የብረት ብሎን የሚያስገባ ሰው፥ በሌላው ሞተር ላይ ብረቱን አውጥቶ አሉሚኒየም ከሚያስገባው አይሻልም። ሁለቱም የቀዳዳውን ልክ እንጂ የብሎኑን ምክንያት አላዩም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ይህ ነው። በአገራችን ብሎን አይጣልም። በየጋራዡ አሮጌ ብሎን የሞላበት ቆርቆሮ አለ፤ ሶማሌ ተራም ከተፈታ መኪና የወጣ ዕቃ ሁለተኛ ዕድሜ የሚያገኝበት ሰፈር ነው። ይህ የሚያሳፍር ልማድ አይደለም፤ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ብልኀት ነው። ብልኀቱ የተመሠረተው ግን በብረት ታጋሽነት ላይ ነው። የብረት ብሎን ከልኩ ካላለፈ ደጋግሞ ቢፈታና ቢታሰር አይቀየምም፤ ተለጥጦ ያለቀው የአሉሚኒየም ብሎን ግን ለዐይን ደኅና መስሎ በሚቀጥለው መጥበቅ ይከዳል። የሚከዳውም ቀለሙን ወዶ የገዛውን ተማሪ ላይሆን ይችላል። ሞተሩን በሁለተኛ እጅ የገዛው ሰው፥ ወይም በእጁ ልምድ የሚያጠብቀው መካኒክ ይሆናል። ስባሪው በሞተሩ ውስጥ ሲቀር በትራፓኖ መውጣት አለበት፤ መሰርሰሪያው ጥቂት ከሳተ የሞተሩ ጥርስ ተበላ፥ ነገሩም ቶርኖ ቤት ደረሰ። ለእኛ የኪስ ገንዘብ ነው፤ በሞተሩ ዕቃ እያመላለሰ ለሚኖር ሰው ግን የልጆቹ ራት ነው። ክዳኑ ላልቶ የወጣው ዘይት በኋላ ጎማው ላይ ሲንጠባጠብ ምን እንደሚያደርስ ለመገመትም መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

እንግዲህ አሉሚኒየም ይወገዝ አንልም። የምንለው ይህ ነው። በመጀመሪያ፥ ዘይትና ግፊት በሌለበት ለጌጥ በተሠራ ሽፋን ላይ ማንም የወደደውን ቀለም ይሰር። ሁለተኛ፥ ፍሬን፥ ጎማና ሞተሩን ከሻሲው የሚያስረው ብሎን በፋብሪካው ከታዘዘው በቀር በምንም አይነካ። ሦስተኛ፥ የዘይት ክዳን ላይ አሉሚኒየም ለማሰር የፈለገ የቅይጡን ቁጥር ይወቅ፤ ልኩን ለዚያው ቅይጥ አስልቶ በቶርክ ሬንች ያጥብቅ፤ ሞተሩን ሲሸጥ ወይም ለጥገና ሲሰጥም ይህንኑ ይናገር። አራተኛ፥ ክርክሩ በአፍ ብቻ እንዳይቀር፥ ከየዐይነቱ ጥቂት ብሎኖች ገዝተን በትምህርት ክፍላችን የመሳቢያ መሣሪያ ላይ እንበጥሳቸውና ውጤቱን በግድግዳ ላይ እንለጥፍ። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ሌላው የደረሰበትን ማየትና መውሰድ ነውር የለበትም። ነገር ግን ዕቃውን ወስዶ ምክንያቱን እዚያው መተው፥ ብሎንም ሆነ ሕግ፥ ሥርዐተ ትምህርትም ሆነ ፋብሪካ፥ ላያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት ነው። እኛ በሕዝብ ገንዘብ የምንማረው ሌላው የማይጠይቀውን «ለምን?» እንድንጠይቅ ነው። ጥያቄውን በስድስት ሚሊሜትር ብሎን ላይ መጠየቅ ካቃተን፥ ነገ በድልድይና በግድብ ላይ እንጠይቃለን ብሎ የሚያምነን ማነው?