መሣሪያው ሳይመረመር አይፈረድበት

ወደ ውጭ አገር አበባ የሚልክ ነጋዴ ዕቃውን እስከ ጭነት ሰዓት የሚጠብቅለት ቀዝቃዛ ክፍሉ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ዛሬ የዚህ ክፍል ሙቀት በብዙ ስፍራ የሚመዘገበው በሰው እጅ ሳይሆን፣ በዩኤስቢ ገመድ ከአንዲት አነስተኛ የሊኑክስ ኮምፒዩተር ጋር በተያያዘ ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ድንገት ዝም ያለ እንደ ሆነ፣ በጥንቃቄ ያልተሠራ የመመዝገቢያ ፕሮግራም የመጨረሻውን ቁጥር ሲያሳይ ያድራልና፣ ጠባቂው 4 ዲግሪ እያነበበ አበባው ይጠወልጋል።

በዚህ ጊዜ ብዙው ባለንብረት ሴንሰሩን ነቅሎ ይጥልና ሌላ እንዲመጣለት ያዝዛል። ይህ ልማድ የውጭ ምንዛሪን ያለ ጥቅም ያባክናል፤ ጉድለቱ ከሌላ ስፍራ የመጣ እንደ ሆነም አዲሱ እንደ አሮጌው ዝም ይላል። ስለዚህ ምርመራው በተራ ሊፈጸም ይገባዋል።

በመጀመሪያ የሚመረመረው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ለምሳሌ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለው ኮምፒዩተር 5.1 ቮልትና 3 አምፔር የሚሰጥ ኃይል ማቀበያ እንዲኖረው ሠሪዎቹ ያሳስባሉ፤ በዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ ሁሉ የሚያድለው ኃይልም በጠቅላላው ከ1.2 አምፔር አይበልጥም። ደካማ የስልክ ቻርጀር የተሰካበት እንደ ሆነ ቮልቱ ሊወርድ ይችላል፤ ከ4.63 በታች ሲሆንም ኮምፒዩተሩ ራሱ በከርነሉ መዝገብ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል።

ሁለተኛው ገመዱ ነው። ኃይል ብቻ የሚያሳልፍና የመረጃ ሽቦ የሌለው ገመድ በመልኩ ከሌላው አይለይም። ሦስተኛው፣ ኤልኤስዩኤስቢ በተባለው ትእዛዝ ሴንሰሩ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ማየት ነው። ከሌለ፣ ጥርጣሬው በኃይሉ፣ በገመዱ፣ በቀዳዳው ወይም በሴንሰሩ በራሱ ላይ ነው፤ ካለ ግን ፍለጋው ወደ ድራይቨሩ፣ ወደ ስሙና ወደ ፈቃዱ ይዞራል። ሊኑክስ እንደ ሲሪያል ወደብ ለሚሠሩት ሴንሰሮች ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0፣ 1 እያለ ስም የሚሰጠው ባገኛቸው ተራ ስለ ሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ 0 የነበረው 1 ሊሆን ይችላል። የዚህ መድኃኒቱ በመለያ ቁጥሩ ላይ የቆመ ቋሚ ስም መጠቀም ነው። እንዲሁም በደቢያን ሥርዓት ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ተጠቃሚ ዳያልአውት በተባለው ቡድን ያልተመዘገበ እንደ ሆነ፣ ወደቡን ለመክፈት ስለሚከለከል ደኅናው ሴንሰር እንደ ተበላሸ ይቆጠራል።

ባለሱቆች፣ ደንበኛን በምርመራ ከማስቆየት ለውጦ መስጠት ይቀላል ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ የተለወጠ ዕቃ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ኪሣራውም የሁለቱም ይሆናል።

እንግዲህ አስመጪው እያንዳንዱ የየራሱ መለያ ቁጥር ያለውን ሴንሰር ይዘዝ፤ ከርካሾቹ አንዳንዶቹ ቁጥር ስለሌላቸው ሁለቱ በአንድ ኮምፒዩተር ሲሰኩ የሚለዩት በተሰኩበት ቀዳዳ ብቻ ነውና። ባለሱቁም የመረጃውን ገመድ ከኃይሉ ገመድ ለይቶ ይሽጥ። ላኪው ደግሞ ከሙቀቱ ቁጥር አጠገብ ቁጥሩ የተነበበበት ሰዓት እንዲታይ፣ ንባቡ ሲቋረጥም ደወል እንዲሰማ ያድርግ። ይህ ሁሉ ከአንድ ጭነት አበባ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን እጅግ አነስተኛ ድካም ነው።