ስለ ድምፁ ሳልነግራችሁ ቀርቼ ነበር

ብዙዎቻችሁ ኮምፒውተር ልትገዙ ስትሉ ትደውሉልኛላችሁ፤ እኔም ደስ ይለኛል። "ቲቸር፣ በዚህ ብር ምን ልግዛ?" ስትሉኝ ለዓመታት የመለስኩላችሁ በሦስት ጥያቄ ነው። ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ ነው? ራሙ ስንት ነው? ኤስኤስዲ አለው? በቃ። አራተኛ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ እሱን ልጨምር፣ ይቅርታም ልጠይቅ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ዓመት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ቤት ሆና የምትሠራው የሂሳብ ሥራ አገኘች። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፣ የ8 ወር ልጅ አላት። ቦታ የማይፈጅ ዴስክቶፕ ስትፈልግ በጉልበቱ አንደኛ የሆነውን ሚኒ ፒሲ መረጥኩላት። ሳጥኑ መጽሐፍ ያክላል፣ ውስጡ ግን የጌም ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ነው። ሁለታችንም ደስ አለን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስደውል "ቲቸር፣ ማሽኑ አሪፍ ነው፤ ግን ማታ አልከፍተውም" አለችኝ።

"ለምን?"

"ይጮኻላ! ፋይሉ ከበድ ሲል እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይነሳል። ልጁ ይባንናል።"

ሥራዋን መሥራት የምትችለው ደግሞ ልጁ ሲተኛ ብቻ ነው። በመጨረሻ በኪሳራ ሸጠችው። የገዛችበት ብር የዕቁብ ብር ነበር። ምክሩ የእኔ፣ ኪሳራው የእሷ።

ነገሩ ምስጢር አይደለም። ኮምፒውተር የሚበላው መብራት ዞሮ ዞሮ ሙቀት ነው የሚሆነው፤ ሙቀቱ ደግሞ መውጣት አለበት። ትልቁ የድሮ ኬዝ ሰፊ ፋን ስላለው ቀስ ብሎ እየዞረ ያወጣዋል። ትንሿ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ግን ትንሽ ፋን ነው። በቅርጽ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ፋኖች ብንወስድ፣ ስፋቱ ግማሽ የሆነው ያንኑ ያህል አየር ለመግፋት 8 እጥፍ መፍጠን አለበት። ያ ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፋኑ ካልቻለው ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ የከፈላችሁበትን ጉልበት ሳታገኙ ጩኸቱን ብቻ ታተርፋላችሁ።

አዲስ አበባ የራሷ ጣጣም አላት። ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆንን አየራችን ከባህር ጠለል አየር ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋ ይሳሳል። የሳሳ አየር በአንድ ዙር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ ቀዝቃዛ ከተማ ነች፣ ያካክሰዋል። የበጋው አቧራ ግን ውስጥ ገብቶ እንደ ብርድ ልብስ ይተኛበታል። በዚያ ላይ እኛ ዳንቴል እናለብሰዋለን! ወይ ቡፌ ውስጥ አስገብተን መስታወቱን እንዘጋበታለን። እንኳን ኮምፒውተር ሰውም ይታፈናል።

"ድምፅ የሀብታም ጥያቄ ነው፣ እኛ የሚሠራ ማሽን ካገኘን ይበቃናል" የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው እላለሁ። የሥራ ክፍል ያለው ሰው በሩን ይዘጋል። አልጋውም ጠረጴዛውም ምጣዱም አንድ ክፍል ውስጥ ላለበት ሰው ግን የማሽኑ ድምፅ የቤተሰቡ እንቅልፍ ነው። ማታ የማይከፈት ኮምፒውተር ለእሱ ግማሽ ኮምፒውተር ነው።

እና ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ዋቱን ጠይቁ። ለጽሑፍ፣ ለኤክሴል፣ ለኢንተርኔትና ለትምህርት ቪዲዮ እንደ ኢንቴል ኤን100 ያለው ባለ 6 ዋት ፕሮሰሰር ይበቃል። ከቢሮ የወጡት ያገለገሉ ትንንሽ ዴስክቶፖች፣ ማለትም ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ቲንክሴንተር ታይኒና ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ ብዙዎቹ ስማቸው መጨረሻ ላይ "ቲ" ያለበት ባለ 35 ዋት ፕሮሰሰር አላቸው። ከባድ ሥራ ካላችሁ፣ ቪዲዮ ማቀናበር ለምሳሌ፣ ጉልበቱን ከፈለጋችሁ ሳጥኑንም አንድ ደረጃ ተለቅ አድርጉት። ጉልበትም፣ ትንሽነትም፣ ዝምታም አንድ ላይ በዚህ ብር አይገኝም።

ጭራሽ ፋን የሌለውስ? ለቀላል ሥራ እሰየው፤ ዝም ይላል፣ አቧራም አይስብም። ግን ሙቀቱን የሚያስወጣው በቆርቆሮው ነው፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ ከባድ ሥራ ከጫናችሁበት ይዘገማል።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ድምፅ አይሰማም፤ የመንገዱ ጫጫታ ይውጠዋል። አስከፍቱት፣ ቪዲዮ ጫኑበት፣ 15 ደቂቃ ያህል ቆዩ፣ ጆሯችሁን አስጠጉ። ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም፤ ማታ አብሮት የሚያድረው እሱ አይደለም።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ቶሎ አትሽጡ። አጥፍታችሁ፣ ከመብራት ነቅላችሁ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አውጡ፤ ፋኑን እንዳይዞር በጣት ያዙት። ዳንቴሉን አንሱ። ዊንዶውስ የፓወር ሴቲንግ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ጣሪያ ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ አድርጉ፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ይቺ አንድ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ እንዳይዘል ትከለክለዋለች። ጥቂት ፍጥነት ታጣላችሁ፣ ብዙ ፀጥታ ታገኛላችሁ። ይህን ቀድሜ ነግሬያት ቢሆን ምናልባት ባልሸጠችው ነበር።

አሁን ባለ 35 ዋት ያገለገለ ማሽን ነው ያላት። በቀደም ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የጨረሰችውን ሥራ አሳየችኝ። ልጁ ተኝቷል።

በእኔ ምክር የምትጮህ ማሽን የገዛችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ብሩሼን ይዤ እመጣለሁ፤ ቡናውን እናንተ አፍሉ።