ያላነበቡትን ትእዛዝ መመስከር፦ ምእመናን በአሜሪካ ፖለቲካ ላይ ስለሚያደርጉት ክርክር

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025) በአሜሪካ የሚኖሩ ኦርቶዶክሳውያን ጥምቀትን በዋዜማው እሑድ አክብረው ቃና ዘገሊላ ላይ የደረሱበት ሰኞ ነበር። በዚያው ዕለት በዋሽንግተን ዶናልድ ትራምፕ ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ ፈጽመው ሥልጣን ያዙ፤ ቀኑ ሳያልፍም በርካታ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዞችን ፈረሙ። ከትእዛዞቹ አንዱ በአሜሪካ ምድር የሚወለዱ ሕፃናትን ዜግነት የሚነካ ነበር። የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደግሞ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች በአብያተ ክርስቲያናት፣ በትምህርት ቤቶችና በሆስፒታሎች ሰው ከመያዝ እንዲቆጠቡ ያዝዝ የነበረውን መመሪያ ሻረ።

ከዚያ ወዲህ የምእመናን ስልክ ዕረፍት የለውም። ቀድሞ የጾም ማስታወቂያና የንግሥ በዓል ጥሪ ይተላለፍባቸው የነበሩ የቴሌግራምና የቫይበር ቡድኖች የአሜሪካ ፖሊሲ መከራከሪያ ሆነዋል። ተከራካሪዎቹ የፖለቲካ ሊቃውንት አይደሉም። በአውሮፕላን ማረፊያ ተራ የሚጠብቅ የታክሲ ሹፌር፣ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ የምትመለስ ነርስ፣ በመኪና ማቆሚያ የሚሠራ አባት፣ ኮሌጅ የገባ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው። እኛ ይህን በነቀፌታ አናነሣውም። ግብር የሚከፍሉበት፣ ልጅ የሚያሳድጉበት፣ ብዙዎቹም ዜግነት ወስደው ድምፅ የሚሰጡበት አገር ነው። ስለ መንግሥት መናገር ወኅኒ ያስወርድ ከነበረበት ዘመን ለመጣ ሰው፣ የመሰለውን ተናግሮ በሰላም ቤቱ ማደር ቀላል ነገር አይደለም። ክርክሩ ይኑር። የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ስለ ትእዛዙ አጥብቀው ከሚከራከሩት መካከል ትእዛዙን ያነበበ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

ያላዩትን አየን፣ ያልሰሙትን ሰማን ማለት በፍርድ አደባባይ ሲሆን የሐሰት ምስክርነት ይባላል፤ ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ የሚከለክለውም ይህንኑ ነው። በስልክ ሲሆን ግን ሼር ከማድረግ ያለፈ አይመስለንም። የመኖሪያ ወረቀቱ ያልተሟላለት ወንድም ግን የሚደርሰውን የድምፅ መልእክት የሚሰማው እንደ ዜና አይደለም። ነገ ሥራ ልሂድ ወይስ ልቅር፣ ልጄን ትምህርት ቤት ላድርስ ወይስ ሌላ ሰው ልላክ ብሎ የሚወስነው በእርሱ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ በር

ከሁሉ ይልቅ ያነጋገረው የአምልኮ ስፍራዎች ጉዳይ ነውና በእርሱ ላይ ቆም እንበል። የተሻረው መመሪያ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያን ጊዜ በተለምዶ አይስ የሚባለውን የኢሚግሬሽን ፖሊስ መሥሪያ ቤት ይመሩ የነበሩት ጆን ሞርተን፣ ሠራተኞቻቸው በአምልኮ ስፍራ፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ሰው ከመያዝ እንዲቆጠቡ፣ ግድ ሲሆንም አስቀድመው የበላይ ፈቃድ እንዲጠይቁ የሚያዝ ማስታወሻ አወጡ። ማስታወሻው በፕሬዚዳንት ትራምፕ የመጀመሪያ የሥልጣን ዘመንም ሳይሻር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ አሌሃንድሮ ማዮርካስ ሌላ ሰፋ ያለ መመሪያ ተኩበት፤ በጃንዋሪ 2025 የተሻረው ይኸኛው ነው።

እንግዲህ የቀድሞው መመሪያ ሕግ አልነበረም። ኮንግረስ አልመከረበትም፣ አላጸደቀውምም። አንድ ባለሥልጣን የጻፈውን ሌላው ሊሽረው የሚችል የሥራ ማስታወሻ ነበር፤ አስቸኳይ አደጋና የመሳሰለው ሲያጋጥምም መግባትን ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ «ድሮ ቤተ ክርስቲያን በሕግ የተከበረች ነበረች፤ ዛሬ ሕጉ ፈረሰ» የሚለው አባባል ከእውነቱ ይርቃል። አዲሱ ማስታወሻም በበኩሉ ወደ አብያተ ክርስቲያናት ግቡ ብሎ አላዘዘም፤ ገደቡን አንሥቶ ውሳኔውን ለፖሊሶቹ ማመዛዘን ተወው። የመሥሪያ ቤቱ መግለጫ ስለ ወንጀለኞች ቢናገርም ገደቡ የተነሣው ለሁሉም ነው። «ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ የሚፈለገው ወንጀለኛ ብቻ ነው» የሚሉትም እንዲሁ ጽሑፉን አላዩትም ማለት ነው።

ፍርድ ቤቶችም በአንድ ድምፅ አልተናገሩም። ክዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች፣ አንድ የባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት ኅብረትና በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ የሚገኝ የሲክ ሃይማኖት ቤተ መቅደስ በሜሪላንድ ክስ መሥርተው ዳኛ ቴዎዶር ቹዋንግ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2025 እግድ ሰጧቸው። እግዱ የሚጠብቀው ግን የከሳሾቹን የአምልኮ ስፍራዎች ብቻ ነበር። በሜሪላንድ ያለ አጥቢያችን «የዚሁ ስቴት ዳኛ ነው የወሰነው» ብሎ ቢጽናና ይሳሳት ነበር፤ ከሳሾቹ ዘንድ ስሙ የለምና። በዋሽንግተን ዲሲ ከሃያ በላይ የክርስቲያንና የአይሁድ ድርጅቶች ያቀረቡትን ተመሳሳይ ጥያቄ ደግሞ ዳኛ ዳብኒ ፍሬድሪች በኤፕሪል ወር ሳይቀበሉት ቀሩ። «ፍርድ ቤት ከለከለው» ብሎ የለጠፈውም፣ «ፍርድ ቤት ፈቀደው» ብሎ የለጠፈውም እያንዳንዱ ግማሽ ወሬ ይዞ ነበር።

በእኛ ዘንድ መማጸኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በኦሪት ለስድስት ከተሞች ተሰጥቶ የነበረውን ሥርዓት እናውቃለን፤ በአገራችንም አክሱም ጽዮንን የመሳሰሉ ታላላቅ አድባራት ለተማጸነባቸው ሰው ከለላ ይሰጡ ነበር። ይሁንና ኦሪቱ ሳያስብ የገደለውን እንጂ አድፍጦ የገደለውን አይሸሽግም ነበር፤ ነገሩም በማኅበሩ ፊት ይሰማ ነበር። መማጸኛ ፍርድ እስኪሰማ ድረስ በሕይወት መቆያ እንጂ ከፍርድ ማምለጫ አልነበረም። ይህን የተማረ ምእመን «ሕግ ይከበር» ባዩንና «ምሕረት ይቅደም» ባዩን እንደ ሁለት ጠላት ወገኖች ሊያያቸው አይገባውም ነበር። በየቡድኖቹ የምናነበው ግን አንዱ ሌላውን «ጨካኝ»፣ ሌላውም አንዱን «ሕገ ወጥ ደጋፊ» ሲል ነው።

በዚህ መካከል ከቅዳሴ የሚቀረው ማን ነው? የሚጽፈው አይደለም። የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ዜግነቱን የያዘ፣ በሩ ቢንኳኳ የማይደነግጥ ሰው ነው። የሚቀረው ዝም ብሎ የሚያነበው ነው። ልጁን ክርስትና ለማስነሣት ቀን ቆጥሮ ሲጠብቅ የነበረ፣ ለመቁረብ ንስሓውን የጨረሰ ሰው፣ ከየት እንደ መጣ በማይታወቅ የድምፅ መልእክት ምክንያት ቤቱ ሊውል ይችላል። በተቃራኒው «አይዞህ፣ ምንም አይመጣም» ተብሎ ጠበቃ ሳያማክር ቀጠሮውን ያሳለፈ ሰውም በዚያው ወሬ ይጎዳል። ሁለቱንም መልእክቶች ያስተላለፈው ሰው ግን የደረሰውን ጉዳት አያየውም፤ በማግሥቱ ሌላ ርእስ ይዟል።

የሕፃናቱ ዜግነት

የዜግነቱ ትእዛዝ ያስነሣው ግርግርም ከዚህ አያንስም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ፣ በአገሪቱ ተወልዶ ለሕጓ የሚገዛ ሰው ዜጋ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1898 በካሊፎርኒያ ከቻይናውያን ወላጆች በተወለደው በዎንግ ኪም አርክ ጉዳይ ይህንኑ አጽንቷል። የ2025ቱ ትእዛዝ እናቱ በሕገ ወጥ መንገድ ወይም እንደ ተማሪ ቪዛ ባለ ጊዜያዊ ፈቃድ የምትኖርን፣ አባቱም ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ ያልሆነን ሕፃን ከዜግነት ለማስቀረት የተጻፈ ነው። የሚመለከተውም ከተፈረመበት ቀን 30 ቀናት በኋላ የሚወለዱትን ብቻ ነበር። ቀድሞ የተወለደ ልጅ አይነካም። ግሪን ካርድ ያላት እናት ልጅም አይነካም። ይህ በትእዛዙ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ሳለ «የልጆቻችንን ፓስፖርት ሊቀሙን ነው» የሚለው ስጋት በዐሥር ዓመት ልጆች ወላጆች ዘንድ ሳይቀር ተስፋፋ።

ትእዛዙ ሥራ ላይ ሳይውል ፍርድ ቤቶች አገዱት። ከዚያ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2025) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ወሰነ። የወሰነው ግን ትእዛዙ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይስማማል አይስማማም በሚለው ላይ አልነበረም። የአንድ የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኛ መላውን አገር የሚሸፍን እግድ መስጠት ይችላል ወይ የሚለውን ነበር የመረመረው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በኒው ሃምፕሸር አንድ ዳኛ በሕፃናቱ ስም በቀረበ የጋራ ክስ ትእዛዙን እንደገና አገዱት። ውሳኔውን በተሰጠበት ዓርብ ምሽት «ዜግነት ተሰረዘ» ብሎ ያስተላለፈ ሰው፣ በተማሪ ቪዛ ላለች ነፍሰ ጡር እኅቱ ያወረሳት ሌሊት ምን ዓይነት እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ስለ ሐዋላው ቀረጥ አጭር ነገር እንበል፤ ይህ ከአገር ቤት ቤተሰብ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነውና። ፕሬዚዳንቱ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 የፈረሙት ሰፊ የግብርና የበጀት ሕግ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ ቀረጥ አስቀምጧል። በመጀመሪያ የታሰበው 5 በመቶ ነበር፤ በተወካዮች ምክር ቤት 3.5 በመቶ ሆኖ አለፈ፤ የጸደቀው ግን 1 በመቶ ነው። ዜግነት የሌላቸውን ብቻ ይመለከታል የተባለው ሐሳብም ቀርቶ በላኪው ዜግነት ላይ የተመሠረተ ልዩነት የለውም። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሽየርስ ቼክ ለሚልክ ሰው ነው፤ በአሜሪካ ካለ የባንክ ሒሳብ ወይም በአሜሪካ በተሰጠ ዴቢት ካርድ የሚልክ አይከፍልም። ለእናቱ 200 ዶላር በጥሬ ገንዘብ የሚልክ 2 ዶላር ይጨምራል፤ በካርዱ ቢልክ ይህ ቀረጥ የለበትም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ማስተላለፍ ስለ 5 በመቶው ከመከራከር ይልቅ ትጠቅማለች።

ፓርቲና ሃይማኖት

ክርክሩ ከፖሊሲ አልፎ «እገሌን የመረጠ ኦርቶዶክሳዊ አይደለም» ወደሚል ሲሻገር ግን ሌላ ሕመም ነው። ምእመናን ለምን በሁለት እንደሚከፈሉ ለመረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። አንዱ የፅንስን ሕይወትና የጋብቻን ክብር ያያል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የ1973ቱን የፅንስ ማቋረጥ ውሳኔ ሲሽር ለዓመታት የጸለየበት ነገር እንደ ተፈጸመለት ቆጥሯል፤ ስለዚህም ለሪፐብሊካን ፓርቲ ድምፁን ይሰጣል። ሌላው ስደተኛውን፣ የታመመውንና ደሀውን ያያል፤ ስለዚህም ለዴሞክራቶች ይሰጣል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በማሕፀን ያለውንም በደጅ የቆመውንም እንግዳ ይዟል። ሁለቱን አሟልቶ የያዘ ፓርቲ በዚያ አገር የምርጫ ወረቀት ላይ አናይም። መራጩ አንዱን ሲያስቀድም የሚያደርገው ማመዛዘን ነው፤ በማመዛዘን የተለየ ወንድም ከሃይማኖት እንደ ተለየ አይቈጠርም።

የአገር ቤት ጉዳይም ሚዛኑን ሲያወዛውዘው አይተናል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግብፅ የዓባይን ግድብ ልታፈነዳው እንደምትችል ሲናገሩ የተቈጡ፣ በ2021 ደግሞ የባይደን አስተዳደር ስለ ኢትዮጵያ በያዘው አቋም ተቈጥተው በቨርጂኒያ የአገረ ገዢ ምርጫ ለሪፐብሊካኑ የቀሰቀሱ ነበሩ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስትወጣ ቍጣው ጨመረ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ሁለቱንም ፓርቲዎች በየተራ ተቈጥቶባቸዋል ማለት ነው። እንዲህ የሚገለባበጥን ነገር የኦርቶዶክሳዊነት መለኪያ ማድረግ እንዴት እንደሚቻል አይገባንም። ካህናት በዐውደ ምሕረት ላይ ስለ እጩ ተወዳዳሪዎች ሲናገሩ የምንሰጋውም ስለዚህ ነው፤ ከሥር ከተቀመጡት እኩሌቶቹ ያንን ስብከት ሲሰሙ ከቤታቸው እንደ ተባረሩ ያህል ይሰማቸዋል።

አጥቢያዎች ሊያደርጉ የሚችሉት አለ። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠርቶ ለአንድ ሰዓት ጥያቄ ማስጠየቅ ከሳምንት የስልክ ክርክር ይበልጣል፤ ከምእመናን መካከል ፈቃድ ያላቸው ጠበቆች ያሉባቸው አጥቢያዎች ደግሞ ለዚህ ወጪም አያስፈልጋቸውም። ጠበቃ ያልሆነ «አማካሪ» ገንዘብ ተቀብሎ ቅጽ እንዳይሞላ መጠንቀቅ ይገባል። ወላጆች ድንገት ቢያዙ ልጆቻቸውን ማን እንደሚረከብ አስቀድመው በጽሑፍ ይስጡ። በዳኛ የተፈረመ የፍርድ ቤት ማዘዣና በራሱ በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የተፈረመ ማዘዣ አንድ አይደሉም፤ ለሁሉም ክፍት የሆነው አዳራሽና ተዘግቶ የሚውለው ቢሮም በሕግ ፊት እኩል አይታዩም። ይህን ልዩነት ለአጥቢያው ሁኔታ አስማምቶ የሚያስረዳው ጠበቃው ነው። የሰበካ ጉባኤው ድርሻ ደግሞ ፖሊስ በር ላይ ቢቆም ወረቀቱን ተቀብሎ የሚያነበው ማን እንደ ሆነ፣ የጠበቃው ስልክ ቁጥር የት እንደ ተጻፈ ወስኖ በቃለ ጉባኤ ማስፈር ነው፤ በዕለተ ሰንበት በር ላይ የሚያስተናግዱት ወጣቶችም ቅጂው ይድረሳቸው።