ውሃ ተሸካሚው ቀይ ሲለብስ

በክርክር ክበባችን «ከአንድ ወገን ሰዎች መካከል ድል የሚገባው ለብርቱው ነው ወይስ ለታማኙ?» የሚል ርእስ በቀረበ ጊዜ፥ ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉ ምሳሌያቸውን ከእግር ኳስ አመጡ። እኔ ተነሥቼ ስለ ብስክሌት እሽቅድምድም ስጀምር ግን ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ፤ አንዱማ የብስክሌት ደወል ድምፅ በአፉ አሰማ። ሳቁ እስኪበርድ ድረስ የተሰጠኝ ሰዓት አለቀና ነገሬን ሳልፈጽም ወረድሁ። የመጽሔታችን አዘጋጆች ይህን ገጽ ስለ ፈቀዱልኝ፥ ያን ቀን በጉሮሮዬ የቀረውን አሁን እናገራለሁ። እዚህ ደወል የሚደውልብኝ የለም።

ነገሩን ለማያውቁት አንባብያን አስቀድሜ ጥቂት ላስረዳ። በዓለም ላይ ሦስት ሳምንት የሚፈጁ ሦስት ታላላቅ የብስክሌት ውድድሮች አሉ፤ እነርሱም የኢጣልያው ጂሮ፥ የፈረንሳዩ ቱርና የእስፓኛው ቩኤልታ ናቸው። የሃያ አንዱ ቀን ጉዞ ሰዓት ይደመርና ከሁሉ ያነሰ ሰዓት የፈጀው ያሸንፋል። በየዕለቱ በድምሩ የሚመራውም የተለየ ልብስ ይለብሳል፤ በፈረንሳይ ቢጫ፥ በእስፓኛ ቀይ ነው። አሸናፊው አንድ ሰው ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቡድን ስምንት ሰዎች ያሰልፋል፤ ከስምንቱም አብዛኞቹ የሚደክሙት ለራሳቸው ሳይሆን ለአለቃቸው ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል ቢሉ ምክንያቱ ነፋስ ነው። በሜዳ ላይ በፍጥነት የሚነዳ ሰው ከጉልበቱ የሚበዛውን የሚጨርሰው አየሩን በመሰንጠቅ ነው። ከሌላው ጎማ ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ግን ከጉልበቱ ሩቡን ያህል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጠውን ይቆጥባል። ስለዚህ አለቃው በባልደረቦቹ ጀርባ ተሸሽጎ እስከ መጨረሻው ተራራ ድረስ ይጓዛል። እነርሱ ነፋሱን ይቀበሉለታል፤ ወደ መኪናው ተመልሰው ውሃ ያመጡለታል፤ ጎማው ቢፈነዳም ጎማቸውን ፈትተው ይሰጡታል። እንዲህ ያለውን ሰው ፈረንሳዮች ዶሜስቲክ ይሉታል፤ የቤት አሽከር ማለት ነው። ውሃ ተሸካሚ የሚሉትም አሉ።

የሰውነት ብቃትም ቢሆን ብዙዎች እንደሚያስቡት ተወዳዳሪው ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ስንቅ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 በፈረንሳዩ ቱር ታዴይ ፖጋቻር ቢጫውን ልብስ ለብሶ የሚበገር አይመስልም ነበር። ጋሊቢዬ በሚባለው ተራራ ላይ ግን የዩምቦ ቪስማ ቡድን ሁለት ሰዎች፥ ፕሪሞዥ ሮግሊችና ዮናስ ቪንገጎር፥ እየተፈራረቁ ወጉት። አንዱ ሲፈተለክ ይከተለዋል፤ ያኛው ሲደክም ሌላው ይነሣበታል። ፖጋቻር ለሁሉም መልስ ሰጠ፤ ግራኖን ከተባለው ከሚቀጥለው ተራራ ላይ ሲደርስ ግን የቀረው ጉልበት አልነበረም። በዚያ አንድ አቀበት ወደ ሦስት ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ አጣ፤ ቪንገጎርም ቢጫውን ለብሶ ፓሪስ ገባ። የሮግሊች ድካም በውጤቱ መዝገብ ላይ አይታይም። አስቀድሞ ወድቆ ተጎድቶ ነበርና ውድድሩንም ሳይፈጽም ተመለሰ። እንግዲህ «ብርቱው ያሸንፍ» የሚሉኝ ወዳጆቼ፥ በዚያ ቀን ብርቱው ማን እንደ ነበረ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሴፕ ከስ ከአሜሪካ ከኮሎራዶ የመጣ የተራራ ሰው ነው። ሮግሊች እ.ኤ.አ. በ2019፥ በ2020ና በ2021 ቩኤልታን፥ በ2023 ደግሞ ጂሮን ሲያሸንፍ፥ እንዲሁም ቪንገጎር በ2022ና በ2023 ቱርን ሲያሸንፍ፥ በስድስቱም ጊዜ ከፊታቸው ሆኖ አቀበቱን የጎተተላቸው ይኸው ሰው ነው። በ2023 ሦስቱንም ውድድሮች በተከታታይ ነዳ። ቩኤልታ በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ከባርሴሎና ሲነሣ ሁለቱ አለቆች በአንድነት ተሰልፈው ነበር፤ የከስ ሥራም የተለመደው ነበር።

በስድስተኛው ቀን ግን ከስ ቀድመው ከሄዱት ጋር አብሮ ወጣ። ታላላቆቹ ተቀናቃኞች አሽከር ነው ብለው ተዉት፤ እርሱም ሃባላምብሬ ተራራ ላይ ብቻውን ደርሶ አሸነፈ፤ ከታላላቆቹም ወደ ሦስት ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ወሰደ። ከሁለት ቀን በኋላ ቀዩን ልብስ ለበሰ። በቱርማሌ ተራራ ቪንገጎር አንደኛ፥ ከስ ሁለተኛ፥ ሮግሊች ሦስተኛ ሆነው ደረሱ፤ በድምሩም ሦስቱን ከፍተኛ ስፍራዎች ያዙ። ከስ ከሁለቱ ጓደኞቹ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ይቀድም ነበር።

መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፥ እኛ እንቁጣጣሽ ስንል፥ ቪንገጎር በቤሄስ አቀበት ብቻውን ተፈትልኮ ሄደና ልዩነቱን ወደ 29 ሴኮንድ አወረደው። ለእውነት ስል መናገር ያለብኝ፥ በዚያ ዕለት ጠዋት አንድ የቡድኑ ባልደረባ በመኪና አደጋ ሆስፒታል ገብቶ ነበርና ቪንገጎር ለእርሱ ለማሸነፍ ብሎ እንደ ነዳ ተናግሯል። ይህን አልነቅፍም። በማግስቱ አንግሊሩ ላይ የሆነውን ግን እነቅፋለሁ። አንግሊሩ በአንዳንድ ስፍራ መቶ ሜትር ሲሄዱ ከሃያ ሦስት ሜትር በላይ ሽቅብ የሚያስወጣ አስጨናቂ መንገድ ነው። ሮግሊችና ቪንገጎር በዚያ ላይ ቀይ የለበሰውን ወንድማቸውን ጥለው ሄዱ። ከስን ከፊቱ ሆኖ የመራው ማን ነበር? ከሌላ ቡድን የሆነው ሚኬል ላንዳ! ጎረቤት ሲያዝን የቤት ልጅ ዞሮ አልተመለከተም። ማታ ሲሰላ የከስ ብልጫ 8 ሴኮንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

እኔ ይህን የተከታተልሁት በዕረፍት ወራት ከአጎቴ ቤት ሆኜ ነው። አጎቴ ስለ ብስክሌት የሚያውቀው ጥቂት ነው። ነገሩን ባስረዳሁት ጊዜ ግን፥ «ታዲያ ይህ ወንፈል አይደለም እንዴ? ስድስት ጊዜ የሰው እርሻ ያረሰ ሰው የራሱ ቀን ሲደርስ በሬውን ይፈቱበታል?» አለኝ። በክርክሩ ላይ ልናገረው የነበረው ይህን ነው። ወንፈል እንደ ደቦ አይደለም፤ በደቦ ጠሪው አብልቶና አጠጥቶ ይሸኛል፤ በወንፈል ግን ጉልበት የሚከፈለው በጉልበት ነው።

በክፍሌ አጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ፥ በክርክሩም ተቃዋሚዬ የነበረው፥ ይህን ሰምቶ ሁለት ነገር መለሰልኝ። አንደኛው፥ ከስ ደመወዝ ይከፈለዋልና ዕዳ የለም የሚል ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው፤ «አንግሊሩ ላይ ፍጥነቱ ዝግ ያለ ስለ ሆነ ከሰው ኋላ መሸሸግ ብዙ አይረዳም፤ እዚያ የሚፈርደው እግር ነው፤ እግራቸውም ከእርሱ በልጧል» አለኝ። በዚያ ቀን እንደ በለጠ እኔም አልክድም። ነገር ግን ነገሩን ገልብጠን እንመልከተው። ቪንገጎር ቀይ ለብሶ፥ ከስ በሦስተኛው ስፍራ ሆኖ፥ በዚያ ቀን ደግሞ ከስ ብርቱ ሆኖ ቢገኝ፥ አለቃውን ጥሎ እንዲሄድ የሚፈቅድለት ማን ነበር? ማንም አይፈቅድለትም። «ጠብቅ» ይባላል፤ ይጠብቃልም። ከስን ስድስት ጊዜ ያሰረው ሕግ እነርሱን አንድ ጊዜ ለምን አያስርም? ከስን በምሕረት ያሸልሙት አላልሁም። ብልጫውን ያገኘው በእግሩና በተቀናቃኞቹ ንቀት ነው፤ ንቀትን መጠቀምም ከጥንት የታወቀ የውድድር ብልሃት ነው።

ደግሞም በስልት ረገድ ቢታሰብ የጠቀመው ነገር አልነበረም። የራስን ሰው መውጋት የሚገባው ጠላት ሲቀርብ ነው። አራተኛው ሁዋን አዩሶ በ30 ሴኮንድ ልዩነት ከኋላቸው ቢሆን ኖሮ፥ እኔው ራሴ «ሂዱ፤ ከስ ለራሱ ይሁን» ባልሁ ነበር። አዩሶ ግን በደቂቃዎች ርቆ ነበር፤ በመጨረሻውም ከከስ 3 ደቂቃ ከ18 ሴኮንድ ዘግይቶ ነው የጨረሰው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሩጫ በማን ላይ ነበር?

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር እንግዳ አድርገን ልናየው አይገባም። በነሐሴ 1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር፥ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በጉዳት ምክንያት ወደ ኋላ ሲቀር፥ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን ዞር ዞር እያሉ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠበቁት። መምጣት እንደማይችል ሲያውቁ ግን ሄዱ፤ ወርቁንና ብሩን ወሰዱ፤ ኃይሌም አምስተኛ ሆነ። የጠበቁት መጠበቁ ተስፋ እስካለው ድረስ ነበር፤ በዚህ የወቀሳቸው ሰው አላውቅም። አንግሊሩ ላይ ግን ከስ የዘገየው በ19 ሴኮንድ ብቻ ነበር።

በብስክሌትም ታሪክ የባሰ ያልተከፈለ ዕዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1934 የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው ረኔ ቪየቶ በፒሬኔ ተራራዎች ላይ ጎማውን ፈትቶ ለአለቃው ለአንቶናን ማኝ ሰጠ፤ ከዚያም በሌላ ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ ብስክሌቱን ሰጠው። ማኝ አሸነፈ። ቪየቶ ከመንገድ ዳር ተቀምጦ ሲያለቅስ የተነሣው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ቱርን ግን አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ዕድሜው አለፈ።

ፍርድህ አድልዎ አለበት ብትሉኝ አልሸሽግም። በክፍሎች መካከል በተደረገ የሩጫ ውድድር፥ ለአንድ ጓደኛችን ከፊት ሆኜ እንድመራለት ተመድቤ ነበር። አንድ ዙር ሲቀር ጉልበቴ ገና እንዳልተነካ ተሰማኝ፤ እርሱ ግን «ዘወር በል» አለኝ፤ ዘወር አልሁ። ዋንጫውን ሲቀበል ስሜን አላነሣም። ከዚያ ወዲህ የውጤት ዝርዝር ባየሁ ቍጥር ከላይ ሳይሆን ከታች ጀምሬ አነባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በፈረንሳዩ ቱር ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሰው ሆኖ የተሰለፈውን የጽጋቡ ግርማይን ስም ያገኘሁት እንዲህ ሳነብ ነው፤ ከክፍላችን ግን ስሙን የሚያውቅ ሁለት ሰው አላገኘሁም።

ወደ ቩኤልታው ስመለስ፥ ከአንግሊሩ በኋላ ቡድኑ ተመካክሮ ቀዩ ልብስ የከስ ይሁን ብሎ ወሰነ። ሮግሊች የራሱ አሳብ እንዳለው ለጋዜጠኞች ከመናገር አልተቈጠበም፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ቡድኑን ለቅቆ ሄደ፤ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነበር ግን አልልም። በማግስቱ ሁሉም ለከስ ነዱ፤ ብልጫውም ወደ 17 ሴኮንድ ከፍ አለ። መስከረም 6 ቀን ማድሪድ ሲገቡ ቍጥሩ ያው ነበር። ጓደኛዬ «17 ሴኮንድ የተለገሰች ድል» ይላታል። እኔ ደግሞ በአንግሊሩ ጥለውት በሄዱበት ቀን እንኳ የቀሩትን 8 ሴኮንዶች ማን ለገሰው? እላለሁ። በዚህ ላይ እስከ አሁን አልተስማማንም።

መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ከማድሪድ አጠገብ ባለው በቦላ ዴል ሙንዶ ተራራ የሌላው ቩኤልታ ፍጻሜ ሲቃረብ፥ ቀይ ለብሶ ቀድሞ የደረሰው ቪንገጎር ነበር፤ ውድድሩንም አሸነፈ። በዚያ ተራራ ላይ ሁለተኛ ሆኖ የደረሰው ሴፕ ከስ ነው፤ ሦስቱን ሳምንት ለቪንገጎር ሲሠራ ከርሞ።