ከነዳጅ ጥገኝነት ወደ ኃይል ሻጭነት፦ ከሞያሌ የወጣ የአቋም መግለጫ

እኛ በሞያሌ ከተማ በትራንስፖርት፣ በድንበር ንግድና በጋራዥ ሥራ ተሰማርተን በማኅበር የተደራጀን ዜጎች፣ በጠቅላላ ጉባኤያችን የአገራችን የኃይል ምንጭ በውጭ ግንኙነቷ ላይ ያለውን ሚና ከመረመርን በኋላ የሚከተለውን የአቋም መግለጫ አውጥተናል።

ጉዳዩን ለመንግሥትና ለዲፕሎማቶች ብቻ የምንተወው አይደለም። ሞያሌ የሚደርስ ናፍጣ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ በቦቴ ይጓዛል። የውጭ ምንዛሬ ሲያጥር፣ መንገድ ሲዘጋ ወይም ቀይ ባሕር ሲታወክ ቀድሞ የሚደርቀው የመንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው ማደያ ነው። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ለኬንያ የምትሸጠው ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዚሁ በቦረና ምድር ነው። አገራችን ስትገዛ የምትቸገርበትንም ስትሸጥ የምትከበርበትንም በቅርብ የምናይ ሰዎች በመሆናችን፣ የምንለው አለን።

ነዳጅ ምርጫችንን እንዴት እንዳጠበበ

የ1966 ዓ.ም. ታሪክ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። በጥቅምት ወር የአረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ጣሉ። በዚያው ወር የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ የአረብና የአፍሪካ አገሮች ግፊት በበረታበት ሰዓት፣ ከእስራኤል ጋር የነበረውን የዲፕሎማሲ ግንኙነት አቋረጠ። በጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ በርሜል ዋጋ ከ3 ዶላር አካባቢ ወደ 12 ዶላር ገደማ ደረሰ። በየካቲት የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዋጋውን ለመቀነስ ተገደደ። ሥርዓቱን የጣለው ነዳጅ ብቻ አልነበረም፤ የወሎ ረሃብና የመሬት ጥያቄም ነበሩ። ቢሆንም በሩቅ አገር የተወሰነ ዋጋ አገር ውስጥ ምን ያህል ሊያናውጥ እንደሚችል ያኔ ታይቷል።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ በነገሌ ቦረና የሠፈረው ጦር በምግብና በውሃ ምክንያት አመፀ። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ፣ የመኮንኖቹን ጉድጓድ እንዳይጠቀሙ ተከልክለው ነበር። ነገሩን እንዲያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው፣ ራሳቸው የሚበሉትንና የሚጠጡትን አቀረቡላቸው። በቆላ ምድር ውሃ ማለት ፓምፕ፣ ፓምፕ ማለት ደግሞ ኃይል መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ከዚያ ወዲህም ጥገኝነቱ መልኩን ቀየረ እንጂ አልለቀቀንም። የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ሥራ አቆመ፤ የ1990ው ጦርነት ደግሞ ወደቡን ዘጋብን። ዛሬ ተጣርቶ የተዘጋጀ ነዳጅ በሙሉ ከውጭ እናስገባለን፤ በየዓመቱም በቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይወጣበታል። ከሱዳን ቤንዚን እናስገባ ነበር፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በዚያች አገር የተነሣው ጦርነት የካርቱምን ማጣሪያ ራሱን ጎዳው። ከኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ላይ የተሰነዘረው ጥቃትም በአንድ የባሕር መስመር ላይ መንጠልጠል ምን እንደሆነ በድጋሚ አሳይቶናል። የሚቀጥለውን የነዳጅ ጭነት የሚጠብቅ መንግሥት ከሻጩም ከወደብ አከራዩም ጋር ሲነጋገር ድምፁ ዝቅ ማለቱ አይቀርም።

ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ሌላ ዓይነት ግንኙነት

ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ የተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍም ይችላል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሽያጩ በ200 ሜጋ ዋት ተጀመረ፤ ውሉም የ25 ዓመት ነው። ለጅቡቲም ኤሌክትሪክ እንሸጣለን፤ ለሱዳንም ስንሸጥ ቆይተናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ጨምሮልናል።

ነዳጅ የጫነ መርከብ ዛሬ ለእኛ፣ ነገ የተሻለ ለከፈለ ይሄዳል። ሽቦ ግን ሁለት ጎረቤቶችን ብቻ ያገናኛል፤ ተነቅሎም ወደ ሌላ ገዢ አይዞርም። ስለዚህ ሻጩም ገዢውም የሌላውን ሰላም እንደ ራሱ ጥቅም ይቆጥራል። በዚህ መንገድ የውጭ ፖሊሲያችን ትኩረት ከባሕረ ሰላጤው የነዳጅ ወደቦች ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ሌሎች ጎረቤቶቻችን ይመለሳል። በእርዳታ ጠያቂነት የምትታወቅ አገር አቅራቢ ሆና ትቀርባለች።

ይህን ሞያሌ ቀድማ ታውቀዋለች። የኬንያዋ ሞያሌ ለዓመታት መብራት ስታገኝ የኖረችው ከኢትዮጵያ በኩል ነው። በእኛ በኩል ኃይል በተቋረጠ ቁጥር ከድንበሩ ማዶ ያለው ሱቅና ጤና ጣቢያም ይጨልማል። የአገር ስም በእያንዳንዱ ምሽት በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ይመዘናል ማለት ነው። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የመረቁት የሞያሌ የጋራ ድንበር ጣቢያም ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ኃይል ሳይቆራረጥ ሲደርሰው ነው።

የማንሸሽጋቸው ገደቦች

ኤሌክትሪክ ብቻውን ነጻ አያወጣንም። የምናመነጨው ኃይል ከሞላ ጎደል የውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ በድርቅ ይጎድላል። በደቡብ ቆላ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር የቦረና አርብቶ አደር ከብቱን አጥቷል። የሕዳሴው ግድብ ድርድርም ወንዝ ላይ የቆመ ኃይል የራሱ የዲፕሎማሲ ሸክም እንዳለው አስተምሮናል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አድርጓል። ውሳኔውን በመርህ እንደግፋለን። ሆኖም የኃይል መሙያ ጣቢያዎች በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ ተከማችተዋል፤ የከብት ጭነት የሚያመላልሰው ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪናና ተሳቢው ደግሞ አሁንም በናፍጣ ነው የሚሄዱት። ባትሪውና የሶላር ፓነሉም በብዛት ከቻይና የሚመጡ ስለሆኑ አንዱን ጥገኝነት በሌላ የመተካት ስጋት አለ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፦ ነዳጅ በየቀኑ ተገዝቶ በየቀኑ ይቃጠላል፤ ፓነል አንድ ጊዜ ተገዝቶ ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። ሻጩ ነገ ቢያኮርፍ እንኳ የተተከለው አይቆምም።

ከላይ በዘረዘርናቸው ምክንያቶች የሚከተሉትን አቋሞች ይዘናል፦

1. ከነዳጅ ጥገኝነት መላቀቅ የብሔራዊ ደኅንነትና የውጭ ፖሊሲ ግብ ሆኖ እንዲያዝ፤ የኃይል ዕቅድ ሲወጣም የውጭ ጉዳይ፣ የትራንስፖርትና የኃይል ተቋማት በአንድ ጠረጴዛ እንዲወስኑ እንጠይቃለን።

2. ለጎረቤት የሚሸጥ ኃይል ከሚያልፍበት ምድር ሕዝብ አልፎ እንዳይሄድ፤ በሞያሌ፣ በሜጋ፣ በያቤሎ፣ በነገሌ ቦረናና በዙሪያቸው ያሉ ቀበሌዎች አስተማማኝ ኤሌክትሪክ እንዲያገኙ እንጠይቃለን። በጨለማ የተቀመጠ ሕዝብ መስመሩን እንደ ራሱ ንብረት አድርጎ እንዲጠብቅ ማሳመን ይከብዳል።

3. የሁለቱ ሞያሌዎች የኃይል አቅርቦት በጋራ እንዲጠገንና እንዲጠናከር፤ ኃይል ሲቋረጥ ለሁለቱም ወገን አስቀድሞ የሚነገርበት አሠራር እንዲዘረጋ እንጠይቃለን።

4. በናፍጣ የሚሠሩ የውሃ ፓምፖች በሶላር እንዲተኩ ቅድሚያ ይሰጥ እንላለን። በድርቅ ወቅት ናፍጣ ጠፍቶ ፓምፕ ሲቆም የሚሞተው ከብት የአርብቶ አደሩ ሀብት፣ የሞያሌ ገበያም ዋና የንግድ ዕቃ ነው።

5. ከውሃ ኃይል ጎን ለጎን ነፋስ፣ ፀሐይና የከርሰ ምድር እንፋሎት በስፋት ይልሙ። ከድንበሩ ማዶ በማርሳቢት ካውንቲ 365 ተርባይኖች ያሉት የቱርካና ሐይቅ ነፋስ ማመንጫ 310 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ በእኛ በኩል ያለው ቆላም ተገቢው ጥናት ሊደረግለት ይገባል።

6. ከሐዋሳ እስከ ሞያሌ ባለው መንገድ የኃይል መሙያ ጣቢያዎች እንዲተከሉ፤ ለኤሌክትሪክ ባጃጅና ለአነስተኛ ጭነት መኪና ብድር እንዲመቻች፤ የአካባቢው ወጣቶችም በባትሪና በሶላር ጥገና እንዲሠለጥኑ እንጠይቃለን። የጋራዥ ባለሙያዎቻችን ሽግግሩ ሥራ እንዲያሳጣቸው ሳይሆን አዲስ ሙያ እንዲሰጣቸው እንፈልጋለን።

7. ሽግግሩ እስኪጠናቀቅ ድረስ ለድንበር ከተሞች የሚመደበው ነዳጅ መጠንና ስርጭት ለሕዝብ በግልጽ ይነገር። ስውር የሆነ ስርጭት የሚያበለጽገው የጀሪካን ነጋዴውንና ኮንትሮባንዲስቱን ብቻ ነው።

እኛም በበኩላችን ግዴታ እንገባለን። አባሎቻችን በመኪናቸው ነዳጅ ከድንበር እንዳያሻግሩና በጀሪካን እንዳይቸረችሩ፣ ይህን የጣሰ አባልም በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት እንዲጠየቅ ወስነናል። የማኅበሩ ጋራዦች ለሶላርና ለባትሪ ሥልጠና ክፍት ይሆናሉ። የኤሌክትሪክ መስመሩን ከጉዳት ለመጠበቅ ከአባ ገዳዎች፣ ከአገር ሽማግሌዎችና ከከተማው አስተዳደር ጋር እንሠራለን። በኬንያዋ ሞያሌ ካሉ የሙያ አጋሮቻችን ጋርም በዚህ መግለጫ ላይ በቀጥታ እንመካከራለን፤ የሁለት አገር ጥቅም የሚጸናው ሁለቱ ሕዝቦች ሲስማሙበት ነውና።

ይህ መግለጫ ለሚመለከታቸው የፌዴራል፣ የክልልና የከተማ አካላት እንዲደርስ፣ አፈጻጸሙም በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ነጥብ በነጥብ እንዲገመገም ወስነናል።

ሞያሌ፣ 2018 ዓ.ም.