ጉድጓዱ በነሐሴ ይቆፈር

በዚህ መጽሔት ስለ አገር አስተዳደርና ስለ ሥነ ጽሑፍ ሲጻፍ እሰየው የሚሉ ወንድሞችና እህቶች ስለ ሽንት ቤት ሲጻፍ አፍንጫቸውን መያዛቸው አይቀርም። ይሁን እንጂ የልደታ ጉዳይ አፍንጫ በመያዝ የሚያልፍ ስላልሆነ ልንጽፍ ተነሣን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘ ሰው ቤት ሲሠራ ሕዝቡ «ሴፍቲ ታንከር» የሚለውን ጉድጓድ ያስቆፍራል። ቆሻሻውን የሚያጠራው ታንኩ ይመስለዋል። አይደለም። ታንኩ የሚያደርገው ዝቃጩን ወደ ታች ማስቀረት፣ ቅባቱን ወደ ላይ ማንሳፈፍ ብቻ ነው፤ ከመካከል የሚወጣው ውሀ የጠራ ቢመስልም በሽታውን እንደ ያዘ ነው። የሚያጠራው አፈሩ ነው። ውሀው አየር ባለበት አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሰርግ ተሕዋስያኑ ይያዛሉ፣ ይሞታሉም። ለዚህም ከማስረጊያው በታች ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥንቁቆቹ እንደሚሉት ከ1 ሜትር በላይ፣ የከርሰ ምድር ውሀ ያልደረሰበት አፈር መኖር አለበት። ውሀው ከማስረጊያው ግርጌ ከደረሰ ግን ሽንት ቤታችንና የጎረቤታችን የጉድጓድ ውሀ ተጋቡ ማለት ነው።

አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ወደ ትንሹ አቃቂና ወደ ገባሮቹ ቁልቁል ሲወረድ፣ ይልቁንም ጥቁር መረሬ አፈር ባለበት፣ ውሀው መስረግ አቅቶት ከላይ ይቋጠራል። የቤት ሥራ የሚጀመረው ግን በበጋ ነው! ቆፋሪው በጥር ወር 3 ሜትር ወርዶ ደረቅ አፈር ሲያወጣ ባለቤቱ ይደሰታል፤ በነሐሴ ያው ጉድጓድ ምንጭ ሆኖ ይገኛል። አፈር የሚያነብ ሰው ቢኖር እኮ በጥርም ይታወቅ ነበር፤ ግራጫ መልክና የዛገ ብረት የመሰለ ነጠብጣብ ያለበት አፈር፣ ውሀ እየመጣ የሚተኛበት ለመሆኑ ምልክት ነው።

ሌላም ጉድ አለ። ከውጭ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱም 2 ሜትር የሆነ ታንክ ዙሪያውን በውሀ ከተዋጠ ውሀው በ12 ቶን ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። ግድግዳው፣ ወለሉና ክዳኑ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቤቶን ቢሆን ባዶውን የሚመዝነው 10 ቶን ገደማ ነው። እንግዲህ የፍሳሽ መምጠጫው ቦቴ በክረምት መጥቶ ሙልጭ አድርጎ ሲመጠው፣ ልዩነቱን አፈሩ ካልያዘው፣ ታንኩ እንደ ታንኳ ይነሣል፤ ቧንቧውም ይሰበራል። (የጥበባት ተማሪም ማባዛት ያውቃል።)

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሰሜን ዳኮታ ተጀምሮ በ1970ዎቹ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተሻሻለ መላ አለ፤ ከመሬት በላይ የአሸዋ ጉብታ ሠርቶ ፍሳሹን በፓምፕ ከጉብታው ላይ ማከፋፈል ነው። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሰፊ ግቢ ይጠይቃል። ብዙ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ በሚሰለፍበት የልደታ መንደር ጉብታው የት ይቀመጣል? በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙው የልደታ አሮጌ ሰፈር ፈርሶ ፎቅ ቢተካበትም በየዳሩ የቀረው ሕዝብ ብዙ ነው። በእኛ አስተያየት በእንዲህ ያለ ቦታ ማስረጊያ ጉድጓድ ጨርሶ መከልከል አለበት። ወይ መስመሩ ይዘርጋ፣ ወይ ውሀ የማያስገባና የማያስወጣ ታንክ ይሠራና በቦቴ ይመጠጥ፤ ድኻው የማስመጠጫውን ዋጋ ብቻውን እንዲሸከም ማድረግ ግን ታንኩን በሌሊት ወደ ወንዙ ክፈተው ብሎ እንደ መምከር ነው።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ ሲገባ ልጆች ነበርን፤ እጅ መታጠብንም ተማርን። ከእግራችን በታች ስላለው ውሀ የነገረን አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኢንስቲትዩት ወራሽ የሆነው የዩኒቨርሲቲያችን ኮሌጅ የሚገኘው እዚያው ልደታ ነው። ስለዚህ ኅብረታችን የኮሌጁን ተማሮች እንዲህ ብሎ ይጠይቅልን፤ ከግቢያቸው እስከ ወንዙ ባለው ቁልቁለት በሦስት ቦታ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ መስቀል በየሳምንቱ የውሀው ከፍታ ይለካ፣ ቁጥሩም በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ። ዶማ፣ አካፋና የመለኪያ ሜትር ይበቃል። ክረምት ዕረፍታችን ነው የሚል ቢኖር፣ ውሀው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ለወረዳው የሚላከውን የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤ እኛ እንጽፋለን።